የሮቡ ማኅበርና የዘምዘም ማሾ

በቅርቡ የልጅ ልጄ ሂሩት ከአዲስ አበባ መጣች። የሒሳብ ባለሙያዎች ማኅበራችን የምሥረታ በዓሉን ዘንድሮ ሸዋ ሮቢት ላይ ነው የሚያከብረው፣ አያቴን ሳልይዝ አልገባም ብላ አዲሱ ሆቴል አዳራሽ ወሰደችኝ። ነጭ ቀሚሴን ለብሼ፣ ነጠላዬን ደርቤ በባጃጅ ሄድን። በዚህ በሮቢት ሙቀት ከረባት ያሰሩ ሰዎች አዳራሹን ሞልተውታል፤ ላባቸውን በሶፍት እየጠረጉ የታሸገ ውኃ ይጠጣሉ። አንድ መነጽር ያደረገ ሰው መድረክ ላይ ወጣና የማኅበሩን ታሪክ ተረከ። በአገራችን የሒሳብ ሰዎች በማኅበር የተሰባሰቡት ባሕር ማዶ ተምረው የመጡ ምሁራን አዲስ አበባ ላይ በጠሩት ስብሰባ ነው አለ። ተጨበጨበ። እኔ አላጨበጨብኩም። ሂሩት በክርኗ ነካ አደረገችኝ። ሰውየው ዋሸ አላልኩም፤ የእነሱ ማኅበር እንደዚያ ተጀምሮ ይሆናል። ነገር ግን ከዚያ ሁሉ በፊት፣ በጣሊያን ጊዜ፣ ከዚሁ ሆቴል ድንጋይ ቢወረወር ከሚደርስበት ቦታ፣ አምስት ሒሳብ ጸሐፊዎች ማኅበር ነበራቸው። ሕግ ነበራቸው፣ ቀን ነበራቸው፣ ሰብሳቢ ነበራቸው። ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ በሕይወት የለም፤ ያ ማኅበር ጣውንቴ ነበር።

ቅናተኛ መሆኔን ለሰው ለመናገር አላፍርም። እናቴም ቅናተኛ ነበረች፤ አባቴ ገበያ ውሎ ሲመለስ ጋቢውን ተቀብላ ታሸተው ነበር። እኔን ግን ያቃጠለኝ የሽቶ ሽታ አይደለም፣ የማሾ ወጥ ነው። ከደብረ ሲና ወደዚህ ቆላ የወረድኩት ሙሽራ ሆኜ ነው። ባለቤቴ ተሰማ የቤተ ክህነት ትምህርቱን እዚያው ደብረ ሲና ቀስሞ፣ መደመር መቀነሱን ደግሞ ከአንድ ነጋዴ ዘንድ ተምሮ ነበርና፣ ጣሊያን ከጣርማ በር ወደ ታች መንገዱን ሲጠርግ ሮቢት ባለው የዱቄት መጋዘን ሒሳብ ጸሐፊ ሆኖ ተቀጠረ። በጭነት መኪና፣ በሲሚንቶ ከረጢት መሐል ተቀምጬ ነው የወረድኩት። አገሬን በጉም እንደተጠቀለለች ትቻት፣ እየወረድን በሄድን ቁጥር መጀመሪያ ጋቢዬን፣ ቀጥሎ ነጠላዬን አወለቅሁ፤ ሮቢት ስንደርስ ቀሚሴ ከጀርባዬ ተጣብቆ ነበር። ሮቢት ያኔ ምን ነበረች? ወንዙ፣ ማሽላው፣ ጥጡ፣ በመንገዱ ዳር የቆርቆሮ መጋዘኖች፣ የጣሊያኖቹ ካምፕ ሽቦ አጥር፣ ከዚያ ማዶ የሣር ቤቶች። ዛሬ ባጃጆች ተሰልፈው ከሚቆሙበት ማዕዘን ላይ አንድ ዓረብ ሱቅ ነበረው፤ አቡጀዲ፣ ስኳር፣ ፋኖስ፣ የጣሊያን ማበጠሪያ ይሸጣል። ሰው በአንድ እጁ ሊሬ በሌላው ጠገራ ብር ይዞ ይገበያያል፤ ዓረቡ ግን ፈገግ የሚለው ጠገራውን ሲያይ ነበር። ዶሮ በሁለት ሊሬ ይገኛል፤ ሎሚማ ማን ይገዛዋል፣ ከዛፉ ሥር ነው የሚለቀመው። ዛሬ ለአንድ ዶሮ የሚጠሩትን ዋጋ ስሰማ ጆሮዬ ነው የሚያታልለኝ እላለሁ። ማታ ማታ ተሰማ ካኪ ኮቱን ለብሶ፣ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ ከካምፑ ሲወጣ አሻግሬ አየዋለሁ፤ በዚያ ላብና አቧራ መሐል እንዲህ ያለ ሰው ስለሰጠኝ ፈጣሪዬን አመሰግናለሁ። ሮብ ሮብ ግን በጊዜ አይመጣም።

ሮብ የማኅበሩ ቀን ነው። ከጣርማ በር እስከ ጀውሃ በመንገዱ ላይ አምስት መጋዘኖች ነበሩ፤ አንዱ ጣርማ በር ዋሻው ዘንድ፣ አንዱ ደብረ ሲና፣ ሁለቱ እዚህ ሮቢት፣ አንዱ ጀውሃ። የውጭዎቹ ሦስት ጸሐፊዎች ሮብ ሮብ በጭነት መኪና እየተሳፈሩ ይመጡና አምስቱም ሮቢት ይገናኛሉ። ሦስቱ ክርስቲያን፣ ሁለቱ እስላም ናቸው። ጣሊያን ለመጋዘን ሰው ምሕረት አልነበረውም። ዱቄት ጎደለ፣ አካፋ ጠፋ ከተባለ ጸሐፊው ይጠራል፤ ከዚያ የት እንደደረሰ የሚጠይቅ የለም። ስለዚህ ዘዴ አበጁ። የአንዱ መጋዘን ወረቀት የአንዱ ብቻ አይሆንም፤ አምስቱም አይተው አምስቱም ይፈርሙበታል። አንድ ጸሐፊ አስሮ ሌላ ማምጣት ለጣሊያኑ ቀላል ነው፤ አምስቱን ካሰረ ግን ለመንገድ ሠራተኛው ዱቄት መዝኖ የሚሰጥ ስለማይኖር ሥራው ይቆማል። የቸገራቸው መሐላው ነበር። የእኛዎቹ በማርያም ቢምሉ ለእነዚያ አያጸናላቸውም፣ እነዚያ በቁርአን ቢምሉ ለእኛዎቹ እንዲሁ። ተማክረው በገበታ እንማማል አሉ። ከአንድ ትሪ አብረው ሳይበሉ ማንም አይፈርምም፤ አብሮ የበላ ደግሞ አይካድም። ሥጋ እንብላ ቢሉ አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም። ስለዚህ ክርስቲያኑ በሚጾምበት ቀን እንሰብሰብ፣ ያን ቀን ሥጋ የሚባል ነገር ገበታ ላይ አይቀርብም ብለው ሮብን መረጡ። ይህን ሁሉ ዛሬ አዋቂ መስዬ አወራዋለሁ እንጂ ያኔ አንዱንም አላውቅም። ተሰማ የማኅበር ነገር ለሚስት አይወራም የሚል ሰው ነበር፤ ሰብሳቢያቸውም እሱ ነው።

የሚበሉት ዘምዘም ቤት ነው። ቤቷ ከካምፑ ዝቅ ብሎ፣ ግቢዋ ውስጥ ትልቅ ሾላ ያለበት ነው። አባቷ የይፋት ነጋዴ፣ ከአርጎባዎቹ ወገን የነበሩ ናቸው። ከእኔ ምናልባት አሥር ዓመት ትበልጣለች፤ ረጅም፣ ዓይኗ ትልልቅ፣ ጥቁር ቀሚሷ ደረቱ ላይ በቀይ ክር የተጠለፈ፣ ሻሿ ሁልጊዜ ንጹሕ። ባል ነበራት፤ ካምፕ ይሠራ ነበር፣ አንድ ቀን እንደወጣ አልተመለሰም፣ ጥሏት ጠፍቶ ነው ብለው የሰፈር ሴቶች ነገሩኝ። ባል የሌላት ሴት፣ ያውም እንዲህ ያለች፣ የእኔን ባል በሳምንት በሳምንት ስትመግብ እኔ ምን ብዬ እንቅልፍ ይውሰደኝ? እንዴት ነው የምትሠራው አልኩት አንድ ቀን፣ ነገር ፍለጋ። የዋህ አይደል፣ ቁጭ ብሎ ነገረኝ። ማሾውን ቀድማ ታምሰዋለች፣ ሽንኩርቱን በሰሊጥ ዘይት ታቁላላለች፣ መጨረሻ ላይ ሎሚ ጠብ ታደርግበታለች፣ እንዲህ ያለ ወጥ በልቼ አላውቅም አለ። እኔ የባቄላና የሽምብራ አገር ልጅ፣ ማሾ የሚባል ነገር ያየሁት እዚህ ወርጄ ነው። በማግስቱ ገዝቼ ሞከርኩት፤ አሮ ቀረ። ተሰማ ምንም ሳይናገር በላው፤ ቢናገር ይሻለኝ ነበር። ከዚያም የባሰ መጣ። ሮብ ማታ ሲመለስ እያንጎራጎረ ይገባል፤ ድምፁን ልብ ብዬ ስሰማው መንዙማ ነው። ሰዓታት የቆመ፣ ማኅሌት የሚያውቅ ሰው በመንዙማ ዜማ ጫማውን ያወልቃል። ከእሷ ጓዳ የሰማው መሆኑን ለማወቅ ጠንቋይ አያስፈልገኝም። ዛሬ ሰው የባሉን ስልክ ይፈትሻል አሉ፤ እኔ የተሰማን ጉሮሮ ነበር የምጠብቀው።

ግማሽ ዓመት ነዘነዝኩት። አንድ ሮብ እኔ ቤት ይሁን፤ ሚስት አለኝ አትልም ወይ፤ ሰው ምን ይላል፤ የሰብሳቢ ቤት ጭስ የለውም እንዴ እያልኩ። እሱ ሮብ ነው፣ አይመችም፣ እዚያ ለምዶብናል እያለ ያመልጠኛል። በመጨረሻ ከፋሲካ በኋላ ያለው ሮብ ያንቺ ይሁን አለኝ፤ አምስት ሰው ነን፣ ጥሩ አድርገሽ ሥሪ። ያላለኝን ተመልከቱ። የጾም ሥሪ አላለኝም። በእሱ ሐሳብ ሮብ ማለት ጾም ነው፣ ምን ይነገረዋል። ሕጉን ያወጡት ጥቅምት ላይ ነበርና ከዚያ ወዲህ ፋሲካ መጥቶባቸው አያውቅም። ከትንሣኤ በኋላ ሃምሳውን ቀን ሮብና ዓርብ እንደማይጾም ሕፃን ያውቀዋል፤ ድቁና የተቀበለው፣ ለጣሊያን ሺህ ጆንያ የሚቆጥረው ባሌ ግን ረሳው። ሁለቱ የእኛዎቹም አብረውት ረሱ። ሦስት ሒሳብ ጸሐፊ ሆነው ሃምሳ መቁጠር አቃታቸው። እኔ ግን አልረሳሁም። ሮቡ የፍስክ መሆኑን አስቤ ደስታዬን መያዝ አቃተኝ። ማሾ ላይ ብትበልጠኝ፣ ዶሮ ወጥ ላይ ትምጣና ትሞክረኝ አልኩ።

በዚያው ሳምንት ነገር ጠንቶ ነበር። ከተሰማ መጋዘን ዱቄት ጎድሏል ተብሎ ተቆጣጣሪ ከደሴ ሊመጣ ነው ተባለ፤ ሐሙስ ጠዋት ይደርሳል። ዱቄቱ ወዴት እንደሄደ አልጠየቅሁትም። በይፋት ተራሮች ላይ ጫካ የገቡ ሰዎች እንደነበሩ፣ እነሱም እህል እንደሚበሉ ማንም ያውቃል። ተሰማ ሌሊቱን ሲገላበጥ ያድራል። «ሮብ ከተፈራረምን ምንም አልሆንም» ይላል ለራሱ፤ እኔ ምን ማለቱ እንደሆነ ሳይገባኝ ዶሮዬን አስባለሁ። ማክሰኞ ሽንኩርቴን ከታተፍኩ። ሮብ ከሌሊቱ ተነስቼ አቁላላሁ፤ ቅቤውን አያቴ አንጥራ የላከችልኝን ነው ያወጣሁት። ዓረቡ ሱቅ የገዛሁትን ቢጫ ሻሽ አሰርኩ። ሽታው ካምፑ ድረስ ሄዷል፤ ዘምዘም ቤትም ደርሶ እንደሆነ እያልኩ ደጋግሜ ወደዚያ አያለሁ።

ከሰዓት በኋላ አምስቱ ገቡ። ከሁሉም የሚከበሩት የጀውሃው ሰይድ ነበሩ፤ ሽበታም፣ ነገር የማያበዙ ሰው። ተሰማ ገና ደጃፉን ሲያልፍ ሽታው ፊቱን ለወጠው፤ እኔ ግን ደስ ብሎት መስሎኝ እጃቸውን አስታጠብኩ፣ ሞሰቡን ከፈትኩ። ዶሮው ከነእንቁላሉ ቀይ ሆኖ ተዘርግቷል፣ ማንም እጁን አልሰደደም። ሰይድ ቀስ ብለው፣ ቅር እንዳይለኝ ተጠንቅቀው ተናገሩ።

«የኔ እህት፣ እጅሽ ይባረክ። እኛ ሁለታችን ይኼን እንደማንበላ ታውቂያለሽ። እነሱ ይብሉ፣ ቅር አይለንም።» ወደ ተሰማ ዞሩ። «ፊርማው ግን ይቀራል እንግዲህ። አብረን ሳንበላ አንፈርምም ያልነው ሁላችንም ነን፣ አቶ ተሰማ። ዛሬ ለርስዎ ብዬ ባፈርስ፣ ነገ የትኛው ፊርማ ይጸናል?»

ያኔ ነው ሁሉም የገባኝ። የባሌን አንገት በገዛ ዶሮዬ ገመድ ውስጥ ያስገባሁት መሰለኝ። ሽሮ ልጣድ አልኩ፤ ወደ ጀውሃ የሚመለሰው መኪና ጥሩንባውን እየነፋ ነው፣ ሽሮ እስኪበስል አይቆምም። ከደብረ ሲናው ጸሐፊ በደረቅ እንጀራና በአዋዜ እንብላ የሚል ሐሳብ መጣ፤ ሰይድ እሺ ሊሉ ነበር። እኔ እሺ አልኩ እንዴ! በመጀመሪያ ቀኔ እንግዳ በቤቴ ደረቅ እንጀራ አይበላም ብዬ ቆምኩ። ባሌ ሊሞትብኝ ነው እየተባለ እንኳ ስለ ገበታዬ የምከራከር ሰው ነበርኩ። ተሰማ ተነስቶ ወጣ።

ሲመለስ ከኋላው ዘምዘም ድስት ተሸክማ ነበር። ከማሾው ጋር። ተራው የእኔ መሆኑን እያወቀች ለምን ሠርታ ጠበቀች? ሰው ሁሉ ልማድ ሆኖባት ነው ይለኛል። እኔ እስከ ዛሬ አልተዋጠልኝም። ዶሮዬን ከፊታቸው አንስታ ወደ ጓዳ ሰጠችኝ፣ ባዶ ትሪ ተቀበለችኝ፣ እንጀራ ዘረጋች፣ ማሾውን ጨለፈች፤ በገዛ ቤቴ እኔ እንግዳ ሆኜ ቆምኩ። አምስቱም በሉ። ተሰማ ከፋሲካ በኋላ ሦስተኛ ቀኑ ነው፣ ሥጋ ያማረው ሰው፣ ዶሮውን ዞር ብሎ እንኳ አላየውም። ከዚያ እጃቸውን ታጥበው አንድ በአንድ ፈረሙ፤ ሰይድ በዓረብ ፊደል፣ የእኛዎቹ በግዕዙ። እኔና ዘምዘም ጓዳ ውስጥ ፊት ለፊት ተቀመጥን። እሷ የእኔን ዶሮ አትበላ፣ እኔ የእሷን ማሾ ከምበላ ብሞት ይሻለኛል፤ ሁለታችንም ጾማችንን ዋልን። ሽንኩርቱን ይህን ያህል ያቀላሽው በምንድን ነው ብላ ጠየቀችኝ። ቀስ እያልኩ ነው አልኳት። ሌላ አልጨመርኩላትም።

ሐሙስ ጠዋት ተሰማ ካኪ ኮቱን ለብሶ ሄደ። ሌሎቹ አራቱ ማንም ሳይጠራቸው ከየመጋዘናቸው መጥተው ካምፑ በር ላይ ጠብቀውት አብረውት ገቡ። ይህን ያየሁት ከአጥሬ ቆሜ ነው፤ ከዚያ አጥር ሳልንቀሳቀስ ዋልኩ። ፀሐዩ አናቴን ሲበሳው፣ ነጭ አቧራ የተሸከሙ መኪናዎች ሲያልፉ፣ ባንዳዎቹ በር ላይ ሲስቁ አያለሁ። አንድም እህል አልቀመስኩም። ለጻድቃን ሁሉ ተሳልኩ፤ አንዳንዱን ስለት ከየት አምጥቼ እንደምከፍለው አላሰብኩም። በቀደም፣ አውቶቡሶቹ እየተቀዳደሙ ሲያልፉ፣ የት ቆሜ እንደነበር ለሂሩት አሳየኋት፤ አሁን ጎማ የሚጠገንበት ቦታ ነው። ፀሐይ ሊጠልቅ ሲል በሩ ተከፈተ። አምስት ሰዎች ወጡ። የተሰማን አረማመድ ከሩቅ አውቀዋለሁ። አጥሩን ያዝኩ። እየመጡ ነው፣ እየቀረቡ ነው፣ አሁን ቀና ብሎ ያየኛል ስል፣ አምስቱም ታጥፈው ዘምዘም ግቢ ገቡ።

ቆሜ ቀረሁ። ባሌ ከሞት ወጥቶ መጀመሪያ የገባው የሌላ ሴት ቤት ነው። ደስታ ነበረኝ፤ ደስታውን ግን ቅናቱ በላው። ልሂድ አልሂድ እያልኩ እያለሁ ዘምዘም እራሷ እየሮጠች መጣች። ሻሿ ወርዶ ፀጉሯ ተገልጧል፣ እንደዚያ ሆና አይቻት አላውቅም።

«አስካል፣ አብሽሪ፣ ወጥተዋል» አለችኝ። «አምስቱም ወጥተዋል።»

እግዚአብሔር ይመስገን አላልኩም። እትዬ ማለት የሚገባኝን ሴት አንቺ ብዬ፣ ለምን መጀመሪያ አንቺ ቤት ገባ አልኳት።

አልተቆጣችም። «እኔ ነኝ ኑ ያልኳቸው» አለች። «የእኔ ሰውዬ ጥሎኝ አልሄደም። አካፋ ጠፋ ብለው ጠሩት፣ ብቻውን ገባ፣ አብሮት የሚቆም አንድ ሰው አልተገኘም። ከዚያ በር ሲወጣ ያየው የለም። ወላሂ፣ እነዚህን በዓይኔ ሳላያቸው እንቅልፍ አይወስደኝም ብዬ ነው። አሁን እልክልሻለሁ።»

ይህን ስትናገር ተሰማና ሌሎቹ ከኋላዋ ደረሱ። ዞር ብላ አንድ በአንድ ፊታቸውን አየች፤ አምስቱንም አይታ ከጨረሰች በኋላ ዓይኗ አልተመለሰም፣ ባዶውን መንገድ እያየች ቆየች። ሦስቱ መኪናው እንዳያመልጣቸው፣ የሮቢቱም ሊሸኛቸው ተሰናብተውን ሄዱ። ተሰማ ግቢልን እንጂ እትዬ ዘምዘም አላት። እኔ እጁን ያዝኩት። ትከሻውን፣ ፊቱን፣ ክንዱን ዳሰስኩ፣ ሙሉ ነው፣ የእኔ ነው። ጎትቼ አስገባሁትና በሩን ዘጋሁ። ከውስጥ ሆኜ የእግሯን ኮቴ አዳመጥኩ፣ ወደ ቤቷ መመለሷን ላረጋግጥ። ወደ ቤቷ አልወረደችም። ወደ ካምፑ በር ነው የወጣችው።